የመሬት መንቀጥቀጥ ቤት ይመርጣል?

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት፣ ከሁለት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ደረሰ። መጠኑ 4.9 ነበር። በኮንዶሚኒየም ላይኛ ፎቆች የሚኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን እያቀፉ በደረጃ ወረዱ፤ ወደ ቤት ለመመለስ ፈርተው ደጅ ያመሹም ነበሩ። በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ደቂቃ፣ ምድር ላይ ባለ ቤት እራት ይበላ የነበረ ብዙ ሰው ግን የጎረቤቱን ሩጫ እንጂ የመሬቱን እንቅስቃሴ አላወቀም።

ሰኞ ጠዋት ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስገባ ይህ ልዩነት ክርክር ሆኖ ጠበቀኝ። አንዷ ተማሪ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምፖሉ ሲወዛወዝ፣ የቁም ሣጥኑ በር ራሱን ሲከፍት በዓይኗ አይታለች። ከእሷ ሕንፃ አጥር ባሻገር በጭቃ ቤት የሚኖረው የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ «ቲቸር፣ ምንም አልነበረም! እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ ሲኒው እንኳ አልተነቃነቀም» ይላል። «እማዬ እኮ ባዶ እግሯን ነው የወረደችው!» ትላለች እሷ፣ እንባ እየተናነቃት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ክርክሩን ወደ ጥያቄ ቀየረው፦ «መሬት ከተንቀጠቀጠ ለሁሉም ነው። እንዴት ቤት ይመርጣል?»

መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ቀመሩ በመማሪያ መጽሐፉ ስለ ንዝረት በሚያወራው ምዕራፍ ተቀምጧል። ነገር ግን ልጆቹ የየራሳቸውን ምስክርነት ይዘው የመጡበት ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ በየቀኑ አይገኝም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የእነሱን ግምት ብቻ አሰፈርኩ። «ፎቅ ከፍ ስለሚል ነው።» «ኮንዶሚኒየሙ ደካማ ስለሆነ ነው።» «የጭቃ ቤት ከመሬት ጋር ስለተጣበቀ ነው።» «ፈርታ ነው እንጂ ምንም አልነበረም።» አራቱንም በሙከራ እንድንፈትን ተስማማን።

የምትንቀጠቀጥ መሬት

ቤት ከመሥራታችን በፊት መሬቱን መሥራት ነበረብን። ሁለት ጣውላ ተገኘ። በመካከላቸው ልጆቹ ከየኪሳቸው ያወጡት ብይ ተደረደረ። ላይኛው ጣውላ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ በተቆረጠ ላስቲክ በአራቱም ጎን ከታችኛው ጋር ታሰረ። ላይኛውን ገፋ አድርገው ሲለቁት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ምቱን ለመቆጣጠር የሙዚቃ ተማሪዎች የሚለማመዱበትን ሜትሮኖም በሞባይል ጫንን፤ አንድ ልጅ ድምፁን እየተከተለ ጣውላውን ይገፋል፣ ሌላው የሚያየውን ይመዘግባል።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በሚያዝያ 1906 እ.ኤ.አ. ሳንፍራንሲስኮ ስትፈርስ፣ አደጋውን እንዲመረምር በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ኮሚሽን በዐለት ላይ የቆሙ ሰፈሮች ሲተርፉ በሙሌትና በእርጥብ አፈር ላይ የተሠሩት ክፉኛ መጎዳታቸውን አየ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህሩ ኤፍ ጄ ሮጀርስ ምክንያቱን ለማግኘት የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ሠራ፤ በሣጥን አሸዋ ጭኖ፣ ውሃ እየጨመረ እንቅስቃሴውን መዘገበ። የረጠበው አሸዋ ከተሸከመው ጠረጴዛ በላይ ሊናወጥ እንደሚችልም አየ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በላንጋኖ አካባቢ የተነሣ ብርቱ መንቀጥቀጥ ገና የሃያ ዓመት ከተማ የነበረችውን አዲስ አበባን አናውጧት ነበር። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ተገረሙ፤ ነገሩ ገና አሁን የተጀመረ መስሏቸው ነበርና።

ሦስት ምላጮች

መጀመሪያ ስለ ሕንፃ የምናውቀውን ሁሉ ወደ ጎን ትተን ቁመትን ብቻ ያዝን። ሦስት የሰጌቶ ምላጭ በእንጨት መካከል አቁመን አጠበቅን። አንዱ ከጣውላው 12፣ ሁለተኛው 18፣ ሦስተኛው 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በየጫፋቸው እኩል የተመዘነ ፕላስቲሲን ለጠፍን። በእኛ ዘንድ እነዚህ አንድ ዝቅተኛ ቤት፣ አንድ መካከለኛ ሕንፃና አንድ ረጅም ፎቅ ነበሩ።

«ረጅሙ ነው የሚወዛወዘው» ብሎ ሁሉም ገምቷል። ሜትሮኖሙን ዘገምተኛ ምት ላይ አደረግነው። ግምቱ ልክ መሰለ፤ ረጅሙ ምላጭ በእያንዳንዱ ግፊት እየሰፋ ሄደ፣ ሁለቱ አጫጭሮች ግን ከጣውላው ጋር ዝም ብለው ይመላለሳሉ። ከዚያ ምቱን ጨመርን። ረጅሙ ሰከነ፣ መካከለኛው ተነሣ። ገና ስንጨምር መካከለኛውም አደብ ገዛና አጭሩ ብቻ እየተርገበገበ ቀረ። ጠጋ ብለው የተመለከቱት ልጆች አንድ ነገር አስተዋሉ። በረጅሙ ምላጭ ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲሲን በአየር ላይ የተሰቀለ ይመስል ረግቶ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ብቻ ነው ወዲያ ወዲህ የሚለው።

«ቲቸር፣ ረጅሙ ለምን ቆመ? እየገፋነው እኮ ነው!»

መልሱን ያመጣችው ውሃ ሲጠፋ ከቦኖ በባልዲ የምትቀዳ ተማሪ ናት። «ባልዲ ይዤ ስሄድ እርምጃዬና ውሃው ከገጠሙ ይደፋብኛል። ፈጠን ካልኩ ወይም ቀስ ካልኩ ግን ይረጋል» አለች። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገም። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ የራሱ የመመላለሻ ምት አለው፤ ከውጭ የሚመጣው ግፊት ከዚያ ምት ጋር ሲገጥም እያንዳንዱ እርምጃ በቀደመው ላይ እየጨመረ ይሄዳል። ካልገጠመ ግን አንዱ ግፊት የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። ምላጮቹም እንደዚያው ናቸው። ሕንፃም እንደዚያው ነው። መሐንዲሶች ለግርድፍ ግምት አንድ ፎቅ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይሉታል፦ ምድር ቤት ብቻ ያለው ቤት በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል፣ ባለ አምስት ወለል ኮንዶሚኒየም በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል፣ ባለ ሃያ ወለል ሕንፃ ደግሞ በሁለት ሰከንድ አንዴ ይመላለሳል።

ሰሌዳው ላይ ካሉት ግምቶች «ፎቅ ከፍ ስለሚል ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ሆኖ ተገኘ። ቁመቱ ብቻውን አይወስንም። የሚወስነው የቁመቱ ምትና የመጣው ንዝረት ምት መግጠማቸው ነው።

ርቀት የሚያጣራው

ግን መስከረም 26 ማታ ንዝረቱ ለምን ከፎቆቹ ጋር ገጠመ? ለምን ከጭቃ ቤቱ ጋር አልገጠመም? እዚህ ላይ ካርታ ዘረጋን። ከፈንታሌ እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ከምንጩ ሲነሣ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም ንዝረት ቀላቅሎ ይነሣል። በአለት ውስጥ ሲጓዝ ፈጣኑ ቶሎ ይደክማል፣ ዘገምተኛው ሩቅ ይዘልቃል። ስለዚህ ለአዋሽና ለመተሐራ ነዋሪ ድብልቁ እንዳለ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ የገባው ንዝረት ፈጣኑ ክፍል የተጣራለት ነበር። አጭሩ ቤት የሚሰማው ምት መንገድ ላይ ቀርቷል። ረጅሙ ሕንፃ የሚሰማው ደርሷል።

ይህ ነገር በዓለም ላይ በግልጽ የታየው በሜክሲኮ ከተማ ነው። መስከረም 19 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ዳርቻ የተነሣው መጠኑ 8 ገደማ የነበረ መንቀጥቀጥ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከተማዋን መታ። ከተማዋ በከፊል የቆመችው በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው በሁለት ሰከንድ አንዴ እየተመላለሰ የመጣውን ንዝረት አጎላው። የዚያን ጊዜ ይበልጥ የተጎዱት ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ወለል ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ። ከጎናቸው የቆሙ አንድና ሁለት ወለል ቤቶች ብዙዎቹ ተረፉ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ባለ 44 ወለሉ የላቲን አሜሪካ ግንብም ተረፈ። አጭሩም እጅግ ረጅሙም ዳነ፣ መካከለኛው ወደቀ። ልጆቹ ሦስቱን ምላጮች ደግመው አዩዋቸው።

አራተኛው ግምት ያኔ ከሰሌዳው ተሰረዘ። ፈርታ አልነበረም፤ የአራተኛው ፎቅ ልጅ ያየችውን ተናግራለች። የጭቃ ቤቱ ልጅም ያላየውን አላየሁም ብሏል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

ተጨማሪ ፓስታ፣ ሌላ አወዳደቅ

ከዚህ በኋላ ጥያቄው «ለምን ተንቀጠቀጠ?» ከሚለው ወደ «እንዴት ይቆማል?» ተሻገረ። በየቡድኑ ከስፓጌቲና ከፕላስቲሲን አራት ወለል ያለው ማማ ተሠራ። ስፓጌቲው ኮለንና ቢም ነው፣ በየመጋጠሚያው ያለው ድብልብል ፕላስቲሲን ማሰሪያ ነው፣ የካርቶን ቁራጭ ሶሌታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማማዎች ሁሉ አወዳደቃቸው አንድ ዓይነት ነበር። ፓስታው አልተሰበረም፤ አራት ማዕዘኑ ወደ ጎን ተጋድሞ መላው ማማ ተዘናፈለ። አንዱ ቡድን በየማዕዘኑ መካከል አንዳንድ ስፓጌቲ በሰያፍ ቢጨምር ማማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ካልተሰበሩ በስተቀር ቅርጹን አይለውጥም፤ አራት ማዕዘን ግን መጋጠሚያው ከላላ ምንም ሳይሰበር ይጋደማል። ይህን ግኝት ሁሉም ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቀዳው።

አንድ ቡድን ግን ሰያፉን ከላይ ባሉት ሦስት ወለሎች ብቻ አድርጎ ምድር ቤቱን ባዶ ተወው። «ሱቅ ነው፣ መስታወት ይገባበታል» አሉ። ጣውላው ሲወዛወዝ ላይኛዎቹ ሦስት ወለሎች እንደ አንድ ሣጥን አብረው ሄዱ፣ እንቅስቃሴው በሙሉ በአራቱ የምድር ቤት ኮለኖች ላይ ተከመረ። ኮለኖቹ ተሰበሩ፤ ሣጥኑ ሳይፈርስ እንዳለ ቁልቁል ተቀመጠ። ልጆቹ ከክፍሉ መስኮት ወደ አስፋልቱ ተመለከቱ። ማዶ ያሉት ሕንፃዎች ከላይ በብሎኬት የተሞሉ፣ ከሥር በመስታወት ብቻ የተከፈቱ ናቸው።

ይህን አወዳደቅ ዓለም የተማረው በውድ ዋጋ ነው። በሎስ አንጀለስ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል አዲስ ሕንፃው ሥራ በጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 9 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ ተመታ። የታችኛው ወለል ከላይኞቹ ይልቅ ልል ነበርና መላው እንቅስቃሴ እዚያ ተከማችቶ ኮለኖቹን አጣመማቸው፤ የደረጃ ማማዎቹ ተገንጥለው ወደቁ። ሆስፒታሉ መፍረስ ነበረበት። በምትኩ የተሠራው እጅግ ጠንካራ ሆነ፤ ግድግዳዎቹ ውስጥ ሳይቀር የብረት ሳህን ገባ። ከዚያ በ1994 እ.ኤ.አ. የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ መጣ። ሕንፃው አልወደቀም። ነገር ግን ውስጥ ያሉት የውሃ ቧንቧዎች ተበጠሱ፣ ወለሎቹ ተጥለቀለቁ፣ ሕመምተኞቹን ማውጣት ግድ ሆነ። አጥንቱ ተረፈ፣ ሥራው ቆመ።

«ጠንካራ ከሆነ ለምን ውስጡ ተጎዳ?» ይህን ለመፈተን የለስላሳ ቆርኪ በውሃ ሞልተን በሁለት ማማዎች አናት ላይ አስቀመጥን። አንዱ ሰያፍ የሌለው ልል ማማ ነው፣ ሌላው በሰያፍ የጠነከረው። በፈጣን ምት ስናናውጣቸው የልሉ ማማ ታች ብቻ ተወዛወዘ፤ አናቱ እንደ ረጅሙ ምላጭ ረግቶ ቆርኪው ውሃውን ያዘ። ጠንካራው ማማ አንድም ፓስታ ሳይሰበርበት የጣውላውን እያንዳንዱን ንቅናቄ ወደ አናቱ አደረሰ፤ ውሃው ተረጨ፣ ቆርኪውም ወደቀ። ዘገምተኛ ምት ላይ ግን ልሉ ማማ ተዘናፍሎ ወደቀ፣ ጠንካራው ቆመ። «ኮንዶሚኒየሙ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚለው ግምትም እዚህ ላይ ፈረሰ። መወዛወዝ ድክመት ማለት አይደለም፤ አለመወዛወዝም ደህንነት ማለት አይደለም።

ከቤቱ ሥር ያለው ብይ

አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ አይቶ ወደ ጠረጴዛው አሠራር ተመለሰ። «ቲቸር፣ ብዩን ከመሬቱ ሥር ከምናደርገው ከቤቱ ሥር ብናደርገውስ?» አለ። ጠንካራውን ማማ በትንሽ ሳንቃ ላይ አድርገን፣ ሳንቃውን በብይ ላይ አስቀምጠን፣ በቀጭን ላስቲክ ከጣውላው ጋር አያያዝነው። በፈጣን ምት ጣውላው ከሥር እየሮጠ ሲመላለስ ማማው በቦታው ቀረ። ቆርኪው ውስጥ ያለው ውሃ ዳር ዳሩን ብቻ ተንቀጠቀጠ። የክፍሉ ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህርን በር አስከፈተ።

ልጁ ሳያውቀው የደገመው በቶኪዮ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊ ጆን ሚልን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የሞከረውን ነው። ሚልን የዘመናዊ ሴይስሞግራፍ አባቶች ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርቶ በብረት ኳሶች ላይ አሳረፋት። መንቀጥቀጡ ሲመጣ ቤቷ ከመሬቱ ይልቅ በጣም ያነሰ ተንቀሳቀሰች። ችግሩ ነፋስ ነበር፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቤቷ ትንሸራተታለች። ስለዚህ ኳሶቹን እያሳነሰ፣ በስተመጨረሻ እንደ ጠመንጃ ጥይት ያነሱትን ተጠቀመ፤ እነሱ በቂ ሰበቃ ስለነበራቸው ነፋሱን ቻሉ። በእኛም ክፍል ይኸው ችግር ወዲያው መጣ። አንዷ ተማሪ ጎንበስ ብላ እፍ ስትልበት ማማው ከነሳንቃው ተንሸራተተ።

የሚልን ጥያቄ ሁነኛ መልስ ያገኘው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ነው። ቢል ሮቢንሰን የተባለ ተመራማሪ ጎማና የብረት ሳህን እየደራረበ፣ በመካከሉ የእርሳስ ብረት ምሰሶ ከቶ፣ ሕንፃ የሚያርፍበት ትራስ ሠራ። የብረት ሳህኖቹ የሕንፃውን ክብደት ይሸከማሉ፣ ጎማው ወደ ጎን ይለጠጣል። እርሳሱ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ነፋስ ሲነፍስ ደርቆ ይይዛል፣ ብርቱ ንቅናቄ ሲመጣ ተዛብቶ ጉልበቱን ይውጣል። ኦሊቭ ቪው ሕመምተኞቹን ባወጣበት በ1994ቱ መንቀጥቀጥ፣ በዚያው ሎስ አንጀለስ በእንዲህ ያለ ትራስ ላይ የተሠራው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥራውን ሳያቋርጥ ቀጥሏል።

የጭቃ ቤቱ ጉዳይ

የጭቃ ቤቱ ልጅ እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎት ቆይቷል። «እንግዲያውስ የእኛ ቤት ይሻላል ማለት ነው» አለ። ሦስተኛው ግምት ገና አልተፈተነም ነበርና ሁለት ትንንሽ ቤቶች ሠራን። አንዱ ከጠጠርና ከጭቃ የተካበ ነው። ሁለተኛው እንደ አገራችን የጭቃ ቤት ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ከስቴኪኒ ተሠርቶ፣ በክር ታስሮ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ነው። ሁለቱም እስኪደርቁ ጠበቅን። ከዚያ ምንጩ ቅርብ እንደሆነ አድርገን በፈጣንና በድንገተኛ ንቅናቄ መታናቸው።

የጠጠሩ ቤት መጀመሪያ በማዕዘኑ ተሰነጠቀ። ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ ተለያዩ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ወደ ውጭ ተገለበጡ፣ ጣራውም ተከተለ። የማገሩ ቤት ምርጊቱ ተፈረካክሶ ረገፈ፣ አጽሙ ግን ቆመ። በሊዝበን ከ1755 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ እልቂት በኋላ ከተማዋን ያደሱት መሐንዲሶች የደረሱበት መፍትሔ ከዚህ አይርቅም፤ በግንቡ ውስጥ በሰያፍ የተያያዘ የእንጨት ፍርግርግ አስገቡ። አሠራሩን የፈተኑት ወታደሮች በሞዴሉ ዙሪያ እግራቸውን እየመቱ እንዲሄዱ በማድረግ እንደነበር ይነገራል።

ስለዚህ ልጁን የጠቀመው ከመሬት ጋር መጣበቁ አልነበረም። ያን ምሽት የጠቀመው ርቀቱ ነበር። ምንጩ ቅርብ ሲሆን ዝቅተኛ ቤት የሚፈራው ፈጣኑ ንዝረት ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይመጣል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ እዚያ ፎቅ አልነበረም። በታኅሣሥና በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጠናቸው እስከ 6.0 የደረሰ ንቅናቄዎች በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ዝቅተኛ ቤቶችን ሲሰነጣጥቁ፣ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ሲነሣ፣ አዲስ አበባ የተሰማት ውዝዋዜ ነበር። በማገርና በወራጅ የተያያዘ ቤት ከተካበ ድንጋይ ይሻላል። ምስጡ ቋሚውን የበላው የማገር ቤት ግን ከዚህ ቁጥር አይገባም።

ሞዴል የማይነግረን

የፓስታ ማማ ሕንፃ እንዳልሆነ ለልጆቹ ግልጽ ማድረግ ነበረብኝ። አንድን ሕንፃ በሁሉም አቅጣጫ አሥር ጊዜ ብናሳንሰው ኮለኑ በአግድም ሲቆረጥ የሚኖረው የገጽ ስፋት መቶ ጊዜ ሲቀንስ ክብደቱ ሺህ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሹ ሞዴል ከእውነተኛው ይልቅ ሁልጊዜ ብርቱ መስሎ ይታያል። ጃፓን በሚኪ ከተማ ኢ-ዲፌንስ የተባለውን ግዙፍ ጠረጴዛ በ2005 እ.ኤ.አ. ሥራ ያስጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 15 ሜትር ሲሆን እስከ 1200 ቶን ተሸክሞ ያናውጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. ሰባት ወለል ያለው ሕንፃ እንዳለ ተጭኖ ተፈትኖበታል። ሞዴል የሚያሳየን የአወዳደቁን ምክንያት ነው፤ የሚችለውን ክብደት ለማወቅ እውነተኛው ብረትና ኮንክሪት መፈተን አለበት።

በአገራችን ይህ እውቀት ወረቀት ላይ ከሰፈረ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ስምንተኛው ክፍል፣ ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም እንዴት እንደሚነደፍ የሚደነግገው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ከዚያም ተሻሽሏል። በወረቀቱና በግንባታው መካከል ያለው ርቀት ግን በየሳይቱ ይለያያል። ፌሮ የሚያስር ሠራተኛ ፌሮውን ዙሪያውን የሚይዘውን የስታፋ ጫፍ ወደ ውስጥ በደንብ ማጠፉ፣ ኮለኑና ቢሙ በሚገናኙበት ቦታ ስታፋውን አጠጋግቶ ማሰሩ፣ ኮንክሪቱ ውሃ በዝቶበት አለመቅጠኑ፤ ሰያፍ ስፓጌቲ ለማማው የሰጠውን ለሕንፃ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ኮንክሪት ከፈሰሰባቸው በኋላ ደግሞ አይታዩም። ለዚህም ነው አሠሪው፣ ግንበኛውና ተቆጣጣሪው ገና ሳይሸፈኑ ሊያዩዋቸው የሚገባው።

ልጆቹ የተማሩትን ይዘው በየሰፈራቸው ወጡ። እያንዳንዱ የሚኖርበትን መንገድ እየሄደ ሦስት ነገር እንዲመዘግብ ተስማማን፦ ወለሉ ስንት ነው፣ ምድር ቤቱ ክፍት ነው ወይስ ተሞልቷል፣ መሬቱ ዐለት ነው ወይስ ዋልካ። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያሉት ልጆች ዋልካ ይዘው መጡ፣ በእንጦጦ ግርጌ ያሉት ድንጋይ። ከቤተሰቦቻቸው የመጣው ጥያቄ ግን ከልጆቹ መዝገብ በለጠ። ቤት እየሠሩ ያሉ አንድ አባት ልጃቸው የነገረቻቸውን ሰምተው፣ ለሱቅ ክፍት ሊተዉት ባሰቡት ምድር ቤት ላይ ግድግዳ ቢጨመር ይሻል እንደሆነ መሐንዲሳቸውን ጠየቁ። ከዚህ ሁሉ ሙከራ እኔን ይበልጥ ያረካኝ ይህ ነው። በስቴኪኒና በፓስታ የተጀመረ ጥያቄ የሰው ቤት የሚሠራበት ሳይት ድረስ ገብቷል።

የመሬት መንቀጥቀጥ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ ዛሬም የለም። ስምጥ ሸለቆው መከፈቱን አላቆመምና ዳግም እንደሚመጣ ግን እናውቃለን። ሕንፃው የሚሰጠው መልስ ደግሞ የሚወሰነው ያን ቀን አይደለም፤ መሠረቱ ሲቆፈር፣ ፌሮው ሲታሰር፣ ምድር ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ሲታሰብ ነው። ይህን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሁለት ጣውላ፣ በጥቂት ብይና በአንድ ፓኮ ስፓጌቲ ሊደርስበት ይችላል። ላቦራቶሪ የለንም የሚል ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል፤ ቢሠራውም ግዴታውን መወጣቱ ነው።

ክፍሌ አሁን የያዘው ጥያቄ የራሳችን ነው። የሞባይል ስልክ ንቅናቄ መለኪያ በውስጡ አለው። ስልኩን በትምህርት ቤታችን ላይኛ ወለል ላይ አስቀምጠን፣ ከባድ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ወይም ነፋስ ሲነፍስ ሕንፃው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ልንለካ ተነሥተናል። ከዚያ ምድር ቤቱን አይተን፣ ኮለኑን ቆጥረን፣ ያገኘነውን ለወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ እናቀርባለን።